መድን ሳይኖር ከባድ ሕመም ሲመጣ፦ ከካሸር መስኮት ጀርባ የተጻፈ ምክር

ሆስፒታል ውስጥ ካሸር ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ስለ በሽታ የማውቀውን ያወቅሁት በደረሰኝ በኩል ነው። እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ መድን የሌለው ቤተሰብ ገንዘቡን አብዛኛውን ጊዜ የሚጨርሰው ዋናው ህክምና ሳይጀመር ነው።

«ካንሰር ሳይሆን አይቀርም» የተባለ ሰው ያለውን ሁሉ ይዞ ይሮጣል። አንድ ቦታ አልትራሳውንድ፣ ሌላ ቦታ ሲቲ ስካን፣ ሦስተኛው ቦታ ያንኑ ሲቲ ስካን እንደገና። ዛሬ ዘመድ ያመሰገነው ሐኪም ዘንድ፣ ነገ ጎረቤት ያመሰገነው ዘንድ። በየሄዱበት ካርድ ማውጣት አለ፣ በየሄዱበት ደም መስጠት አለ። በመጨረሻ ውጤቱ ይመጣና «ኬሞ በየሦስት ሳምንቱ፣ ስድስት ዙር» ይባላል። ያን ቀን ነው እኔ መስኮት ጋ መጥተው «እህቴ፣ ከፍለን ከፍለን አልቆብን» የሚሉኝ።

ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ብቻ የሚናገር አይደለም። ያለው ገንዘብ ዋናው ህክምና እስኪደርስ እንዴት እንደሚቆይም ነው።

ድንገተኛ ሕመም ግን ከዚህ ምክር ውጭ ነው። የደረት ውጋት፣ የማይቆም ደም፣ በድንገት የተጣመመ ፊት ወይም የዛለ እጅ ካለ ሒሳብ አይሠራም። በደም መርጋት የመጣ ስትሮክ ላይ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ዋጋ ስታወዳድሩ ሰዓቱ ያልፋል። ቅርብ ወዳለው፣ ድንገተኛ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ሂዱ። ብዙ አገሮች ድንገተኛ ሕመምተኛን በገንዘብ ምክንያት መመለስን በሕግ ይከለክላሉ። የአሜሪካው ሕግ ለምሳሌ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ነገር ግን እንዲህ ያለው ሕግ ሆስፒታሉን የሚያስገድደው የሕመምተኛው ሁኔታ እስኪረጋጋ ብቻ ነው። ሒሳቡም ተመዝግቦ ይጠብቃችኋል። ከተረጋጋ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ነው።

እውነት መድን የለም?

ይሄን ጥያቄ የምጠይቀው በምክንያት ነው። «መድን የለንም» ያሉኝ ሰዎች ወረቀታቸው ሲታይ መድን ያላቸው ሆነው የተገኙ ብዙ አሉ። ጉዳቱ የመኪና አደጋ ከሆነ የመኪናው የሦስተኛ ወገን መድን ይኖራል። በሥራ ላይ የደረሰ ከሆነ ወይም ሥራው ያመጣው በሽታ ከሆነ አሠሪው ኃላፊነት ሊኖርበት ይችላል። የባል ወይም የሚስት መሥሪያ ቤት ለቤተሰብ የሚከፍል ሊሆን ይችላል። ልጅ በትምህርት ቤቱ በኩል ተመዝግቦ ወላጅ ሳያውቅ የቀረበትም አጋጣሚ አለ። መንግሥት የሚያካሂደው መድን ካለም የምዝገባ ጊዜው መቼ እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቁ። ብዙዎቹ በዓመት ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ይከፈታሉና።

አሁን ለመመዝገብ ከወሰናችሁ በሽታውን አትደብቁ። ደብቆ የገባ ሰው ትልቁ ሒሳብ ሲመጣ መድን ሰጪው የድሮ ካርዱን ያስመጣል። ውሉ ይፈርሳል፣ የተከፈለውም ይቀልጣል። ይልቅ ሁለት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ። ቀድሞ የነበረ ሕመም ይሸፈናል ወይ? የመጠበቂያ ጊዜው ስንት ወር ነው?

ለሐኪሙ ስለ ገንዘብ ተናገሩ፣ ቀድማችሁ

ሰው ለሐኪም ሁሉንም ይናገራል፤ የገንዘቡን ነገር ግን ይውጠዋል። ያፍራል። ወይም «ገንዘብ የለንም ካልን በደንብ አያዩልንም» ብሎ ይፈራል። ከዚያ የታዘዘውን ሁሉ ይዞ ወደ እኔ መስኮት ይመጣና «ስንት ነው?» ይላል። ሲነገረው ግማሹን ይተዋል። የትኛውን ግማሽ መተው እንዳለበት ግን እኔም እሱም አናውቅም። አስፈላጊውን ትቶ የማያስፈልገውን ከፍሎ የሄደ ሰው ስንቱን አይቻለሁ!

እንዲህ በሉ፦ «ዶክተር፣ መድን የለንም። ያለን ይህን ያህል ነው። ይህ ለዋናው ህክምና እንዲበቃ ከምን እንጀምር?» ቁጥሩን ተናገሩ። «አቅማችን አነስተኛ ነው» ማለት ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም።

ለእያንዳንዱ ውድ ምርመራ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለች፦ «ውጤቱ እንዲህ ቢሆን ምን ያደርጋሉ? እንዲያ ቢሆንስ?» ሁለቱም መልስ አንድ ዓይነት ከሆነ ምርመራው መቆየት ይችል ይሆናል። መልሱ የተለያየ ከሆነ ግን ምርመራው ገንዘቡን ይመልሳል። ምሳሌ ልስጥ። የጡት ካንሰር ናሙና ላይ የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ ይሠራል፤ ካንሰሩ በሆርሞን የሚያድግ መሆን አለመሆኑን የሚያሳይ ነው። ሰው «ካንሰር መሆኑ ታውቋል፣ ይሄ ደግሞ ለምን?» ብሎ ሊተወው ይፈልጋል። ውጤቱ ፖዘቲቭ ከሆነ ግን ታሞክሲፈን የሚባል የቆየና ርካሽ ክኒን ለዓመታት ሊሰጥ ይችላል። ያን ምርመራ የተወ ሰው ርካሹን መድኃኒት ነው የተወው።

ሌላም ጥያቄ አለ፦ «እኩል የሚሠራ አጠር ያለ መንገድ አለ?» ይሄን የተማርኩት ከጨረር ህክምና ደረሰኞች ነው። ለጡት ካንሰር ጨረር ለብዙ ዘመን 25 ቀን ገደማ ይሰጥ ነበር። ዛሬ በ15 ቀን መስጠት የተለመደ ሆኗል። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ደግሞ በአንድ ሳምንት ውስጥ 5 ጊዜ የተሰጠው ከ15ቱ እንደማያንስ አሳየ። ካንሰር አጥንት ውስጥ ገብቶ ሲያሠቃይም አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ጨረር ሥቃዩን በማስታገስ ከብዙ ቀኑ አይተናነስም፤ አልፎ አልፎ ግን መድገም ያስፈልግ ይሆናል። ለሁሉም ሰው አይሆንም፣ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ግን ሃያ ምናምን ቀን መመላለስ ማለት መኝታ፣ ትራንስፖርትና ከሥራ የቀረ አስታማሚ ማለት ነው። ካልጠየቃችሁ የጉዞው ወጪ ለሐኪሙ አይታየውም።

ወረቀታችሁ ገንዘባችሁ ነው

ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይመረጥ። ጎበዙ ሳይሆን ወረቀት የማይጥለው። አንድ ፋይል፣ አንድ ደብተር ይያዝ። እያንዳንዱ የላብራቶሪ ውጤት፣ እያንዳንዱ የመውጫ ወረቀት ፎቶ ይነሳና ስልክ ውስጥም ይቀመጥ። ደብተሩ ላይ ቀን፣ የሐኪሙ ስም፣ የተባለው፣ የተከፈለው ይጻፍ።

ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ስትነሱ ሪፖርቱ ብቻ አይበቃም። ምስሉን በሲዲ ወይም በፍላሽ ተቀበሉ። ሁለተኛው ሐኪም «ራሴ ካላየሁት» ይላል፤ ትክክልም ነው። ሲዲው ከሌለ እንደገና ትከፍላላችሁ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያበሳጨኝ የባዮፕሲው ነገር ነው። ከሰውነት የተወሰደችው ናሙና በሰም ውስጥ ተቀምጣ ትቆያለች፤ የሙያው ሰዎች ብሎክ ይሏታል። ከእሷ ላይ በስሱ እየተቆረጠ ስላይድ በሚባል መስታወት ላይ ይነበባል። ሌላ ሆስፒታል ውጤቱን ማረጋገጥ ከፈለገ ብሎኩንና ስላይዱን መውሰድ ይቻላል። ተጨማሪ ምርመራም አብዛኛውን ጊዜ ከዚያችው ብሎክ ላይ ይሠራል። ይሄን የነገራቸው ሰው ስላልነበረ ዳግመኛ መርፌ የተወጉ፣ ዳግመኛም የከፈሉ ሰዎች አሉ። ላብራቶሪው ብሎኩን ለስንት ዓመት እንደሚያስቀምጥ ጠይቁ። ስትወስዱ ፈርሙ፣ ሙቀት አታስነኩት፣ ለሦስተኛ ሰው «አድርሱልኝ» ብላችሁ አትስጡ።

ሁለተኛ ሐኪም ማማከር አስፈላጊ ነው፤ በተለይ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ከታሰበ። አምስተኛና ስድስተኛው ግን ለሕመሙ የሚጨምሩት ነገር እምብዛም ነው።

ወጪው የየትኛው ዓይነት ነው?

ቤት ወይም መኪና ለመሸጥ ከማሰባችሁ በፊት ይሄ ይታወቅ። አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ ወጪ አለ፤ እንደ ቀዶ ሕክምና። በዙር የሚሄድ፣ ማለቂያው የሚታወቅ አለ፤ እንደ ኬሞ። ማለቂያ የሌለውም አለ። ለመጀመሪያው መበደር ሊያዋጣ ይችላል። ለሦስተኛው ግን ንብረት ሽጦ መክፈል ጥቂት ወራት ይገዛል እንጂ መፍትሔ አይሆንም።

የኩላሊት እጥበት የዚህ ሦስተኛው ዓይነት ነው። በተለምዶ በሳምንት ሦስት ጊዜ ይደረጋል፣ ኩላሊቱ ለዘለቄታው ከተጎዳና ንቅለ ተከላ ካልተደረገ ደግሞ ዕድሜ ልክ ይቀጥላል። ቤተሰብ በድንጋጤ በጣም ውድ በሆነው ማዕከል ይጀምራል። ከጥቂት ወር በኋላ ከሦስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ ይወርዳል። ይሄ አካሄድ ሰው ይገድላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው። ኩላሊቱ ይመለሳል ወይስ ለዘለቄታው ተጎድቷል? ርካሽ ወይም ነጻ የሚሰጥበት ቦታ ወረፋ ካለ ዛሬ ልንመዘገብ እንችላለን? ከዘመድ ኩላሊት መስጠት የሚችል አለ? ንቅለ ተከላው ራሱ ውድ ነው፣ ከዚያም በኋላ ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንዳይቃወም የሚወሰደው መድኃኒት ዕድሜ ልክ ነው። እሱም በሒሳቡ ይግባ።

ለኬሞም ቢሆን የመጀመሪያውን ዙር ከመክፈላችሁ በፊት የጠቅላላውን ዙር ግምት በወረቀት ጠይቁ። የመድኃኒቱን ብቻ ሳይሆን ከእያንዳንዱ ዙር በፊት የሚሠራውን የደም ምርመራ፣ የማስመለስ መከላከያውን፣ ነጭ የደም ሴል ቢወርድ የሚሰጠውን መርፌ ጨምሮ። ሁለት ዙር ተወስዶ የተቋረጠ ህክምና ገንዘቡንም ጤናውንም ይዞ ይሄዳል። ግምቱ ከአቅም በላይ ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊት ተናገሩ። ሐኪሙ ሊያስጨርሳችሁ የሚችል ሌላ መድኃኒት ሊያውቅ ይችላል።

መድኃኒት

ማዘዣው በንግድ ስም ሳይሆን በመድኃኒቱ በራሱ ስም እንዲጻፍ ጠይቁ። ያኔ ፋርማሲው ያለውን ርካሽ ጄኔሪክ፣ ማለትም ሌላ አምራች የሠራውን ያንኑ መድኃኒት፣ ማውጣት ይችላል። «ርካሽ ነው፣ አይሠራም» የሚለው ወሬ ብዙ ሰው አክስሯል። በመንግሥት ተቆጣጣሪ የተመዘገበ ጄኔሪክ ውስጡ ያው ንጥረ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ያወጣል፤ ብዙ የካንሰር መድኃኒቶችም አሉበት። «ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ለኔ የሚሆን አለ?» ብሎ ሐኪምን መጠየቅ ነውር የለውም።

የዋጋው ልዩነት ምን ያህል እንደሚሄድ ለማየት የሄፓታይተስ ሲን መድኃኒት እዩ። ሶፎስቡቪር በ2013 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ገበያ ሲወጣ አንዱ ፍሬ 1,000 ዶላር ነበር። የ12 ሳምንቱ 84,000 ዶላር። ጄኔሪኩ ሲመጣ በተለያዩ አገሮች ሙሉው ህክምና በመቶዎች ዶላር፣ አንዳንድ ቦታም ከዚያ በታች ወረደ።

መድኃኒት በነጻ የሚደርስባቸው መንገዶችም አሉ። የሳንባ ነቀርሳና የኤችአይቪ መድኃኒት በብዙ አገሮች በነጻ ይሰጣል። ሥር የሰደደ ማይሎይድ ሉኬሚያ የሚባለው የደም ካንሰር ለያዘው ሰው ማክስ ፋውንዴሽን የሚባል ድርጅት ኢማቲኒብ የሚባለውን መድኃኒትና መሰሎቹን በብዙ አገሮች ያለክፍያ ያደርሳል። የዓለም የሄሞፊሊያ ፌዴሬሽን ደም ለማይረጋላቸው፣ ላይፍ ፎር ኤ ቻይልድ ስኳር ላለባቸው ልጆችና ወጣቶች፣ ስማይል ትሬን ከንፈሩ ወይም ላንቃው ተሰንጥቆ ለተወለደ ልጅ ይሠራሉ። እነዚህ ድርጅቶች የሚሠሩት በሆስፒታሎችና በህክምና ማዕከሎች በኩል ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው ሐኪሙ ነው፦ «ለዚህ በሽታ የሚሰጥ ድጋፍ ያለበት ማዕከል የትኛው ነው?» ሉኬሚያው የትኛው ዓይነት እንደሆነ በምርመራ ሳይረጋገጥ ደግሞ በሩ አይከፈትም። ወረቀቱን ጠብቁ ያልኩት ለዚህም ነው።

የምርምር ጥናት ውስጥ መግባትም አንዱ መንገድ ነው። የሚጠናው መድኃኒት ብዙውን ጊዜ በነጻ ይሰጣል። ግን ፈርሙ ሲሏችሁ ሌሎቹን ምርመራዎች ማን እንደሚከፍል፣ ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚያክም፣ ጥናቱ ሲያልቅ መድኃኒቱ ይቀጥል እንደሆነ ጠይቁ። በፈለጋችሁ ሰዓት መውጣትም መብታችሁ ነው።

በሻንጣ የመጣ መድኃኒት ከማታውቁት ሰው አትግዙ። ያልተከፈተ ኢንሱሊንና እንደ ትራስቱዙማብ ያሉ የካንሰር መርፌዎች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ መቆየት አለባቸው። በመንገድ ላይ ሞቆ የቆየው ብልቃጥ ሲታይ ምንም አይለይም። «ሁሉንም በሽታ ያድናል» የሚል ነጋዴ ሲመጣ ደግሞ ደረሰኝ ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁት። እኔ የዚህን ጥያቄ ውጤት ሁሌም እወደዋለሁ።

መድኃኒት እንዲበቃ ብላችሁ መጠኑን አትቀንሱ፣ ቀን አትዝለሉ። ካቃታችሁ ሐኪሙ ይወቀው።

ሥቃይን ችላ አትበሉ

ማስታገሻ ሕክምና ሲባል ሰው «ተስፋ ቆረጡብን» ብሎ ይሰማዋል። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት የተሠራጨ የሳንባ ካንሰር ያለባቸውን ሰዎች ተከታትሎ ነበር። ማስታገሻ ሕክምናውን ከመጀመሪያው አንስቶ ከካንሰር ህክምናው ጋር ያገኙት የተሻለ ኑሮ ኖሩ፤ ዕድሜያቸውም ረዘመ። በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን በዓለም ጤና ድርጅት ዝርዝር ውስጥ ያለ፣ ለማምረትም ርካሽ መድኃኒት ነው። ብዙ ቤተሰብ ለሥቃይ ብሎ ደጋግሞ አልጋ ይዞ የሚከፍለው ይሄን የሚያዝ ሐኪም ስላላገኘ ነው።

ሰው ስትጠይቁ

ገንዘብ ማሰባሰብ ካስፈለገ ለአንድ የታወቀ ነገር አሰባስቡ፤ ለቀዶ ሕክምናው፣ ወይም ለአራቱ ቀሪ ዙሮች። «ሕይወቱን አድኑልን» ከሚል ጥሪ ይልቅ የሆስፒታል የዋጋ ግምት ያለበት ጥሪ ይታመናል። ሒሳቡ በሁለት ሰው ፊርማ ይንቀሳቀስ። የገባውና የወጣው በየጊዜው ይነገር። የሕመምተኛውን ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት ራሱን ጠይቁት። አልጋ ላይ ያለውን ፎቶ ሳያውቅ በሰው ስልክ ላይ ያየ ሰው አውቃለሁ፤ ከሕመሙ በላይ እሱ ነው ያመመው።

ከእኛ ጋር፣ ማለትም ከሒሳብ ክፍል ጋር

መስኮት ላይ ያለው ካሸር ቅናሽ የመፍቀድ ሥልጣን የለውም። እሱ ላይ መጮህ ጉልበት መጨረስ ነው። የሆስፒታሉን ማኅበራዊ ሠራተኛ ጠይቁ፤ ከሌለ የሒሳብ ኃላፊውን ወይም ሥራ አስኪያጁን። ብዙ ሆስፒታል የነጻ ህክምና ወይም የቅናሽ አሠራር አለው፣ ግን ግድግዳ ላይ አይለጥፈውም። ማመልከቻ አንድ ገጽ ይበቃል። ማን እንደታመመ፣ ምን እንደታዘዘ፣ እስካሁን የተከፈለው፣ በወር መክፈል የሚቻለው። የሐኪሙ ደብዳቤና የገቢ ማስረጃ ይያያዝ። ማልቀሻ ቃል አያስፈልግም፤ የሚያነበው ሰው የሚፈልገው ቁጥር ነው። ቅጂው ላይ ማኅተም አስመትታችሁ አስቀሩ።

ቀዶ ሕክምና በጥቅል ዋጋ ሲነገራችሁ ምን እንደተካተተ በዝርዝር ጠይቁ። ማደንዘዣ? ደም? ተቆርጦ የወጣው ናሙና የፓቶሎጂ ምርመራ? ጽኑ ሕሙማን ክፍል ቢያስፈልግ የቀኑ ስንት ነው? ጥቅሉ የሚያልቀው የት ላይ ነው?

ስትወጡ ድምሩን ብቻ አትቀበሉ፣ ዝርዝሩን አስወጡ። በኛ በኩል ስህተት ይኖራል፣ ብዙ ጊዜም በተንኮል አይደለም። የታዘዘና ያልተሠራ ምርመራ ይገባል። ከፋርማሲ ወጥቶ ያልተሰጠ መድኃኒት ሳይመለስ ይቀራል። የገባችሁበትና የወጣችሁበት ቀን እንደ ሁለት ሙሉ ቀን ይቆጠራል። ደብተሩ እዚህ ጋ ነው ሥራውን የሚሠራው። ነርሷን ይዛችሁ፣ መስመር በመስመር፣ በትሕትና አስተካክሉ። ያልተሰጠ መድኃኒት ካለ ሳትወጡ አስመልሱ፤ ከወጣችሁ በኋላ ማንም አይቀበላችሁም።

ቀሪ ዕዳ ካለ አትሰወሩ። የወሩ ክፍያ ስንት እንደሆነ፣ ወለድ ወይም ቅጣት እንደሌለው በጽሑፍ ተስማሙ። መክፈል ከምትችሉት በታች አድርጋችሁ ጀምሩ፤ ቃል የገባችሁትን አንድ ወር ከሳታችሁ ሁለተኛ ቅናሽ ለመጠየቅ ፊት አይኖራችሁም። የመጨረሻውን ስትከፍሉ ዕዳ እንደሌለባችሁ የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፉ። ለቀጣዩ ክትትል ስትመጡ ኮምፒውተሩ ላይ ዕዳችሁ ሳይሰረዝ ቆይቶ ካርድ እንዳይከለክላችሁ ያንን ይዛችሁ ኑ።